መሬትን ሽቦ ያደረገው ገበሬ

ፎቶው በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ሳይመጣ አይቀርም። አንዴ በቴሌግራም፣ አንዴ በፌስቡክ። ኮስተር ያለ አሜሪካዊ ሰውዬ፣ አጠገቡ የእንጨት ሳጥንና ጥቅል ሽቦ። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ቃሉ ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው፦ የሞባይል ስልክ እውነተኛው ፈጣሪ ይህ ሐብሐብ አምራች ገበሬ ነው፤ ሀብታሞች ፈጠራውን ቀሙት፤ እሱ በረሃብ ሞተ። በቅርቡ የላከልኝ የአጎቴ ልጅ ነው፤ «እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ሳይታወቅ ይቀራል?» የሚል ቁጭት ጨምሮበት።

«ተወው፣ የፌስቡክ ተረት ነው» ብዬ ልመልስለት ነበር። ግን ነገሩ እንደዚያ ቀላል አይደለም። ሰውዬው ነበረ። ሐብሐብም ያመርት ነበር። ሕዝብ ተሰብስቦ እየሰማ የሰው ድምፅ ያለ ሽቦ አስተላልፏል። በ1908 ለተሽከርካሪ ጭምር የሚሆን ገመድ አልባ ስልክ የፈጠራ መብት ተሰጥቶታል። በመጨረሻም ጎጆው ውስጥ ብቻውን ሞቶ ተገኝቷል። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንግዲህ ቁርጥራጩ ከሞላ ጎደል እውነት ሆኖ ሳለ ድምሩ እንዴት ስህተት ይሆናል? መልሱ የሚገኘው ሰውዬው ድምፁን በምን ላይ አሳፍሮ እንደላከው ስንረዳ ነው።

ናታን ቤቨርሊ ስተብልፊልድ በ1860 በኬንታኪ ግዛት፣ ሙሬይ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። «የድሃ ገበሬ ልጅ» የሚለው ትረካ ገና እዚህ ላይ ያነክሳል፤ አባቱ ጠበቃ ነበሩ፣ ልጃቸውንም አስተማሪ ቀጥረው ቤት ድረስ ያስተምሩት ነበር። ሁለቱንም ወላጆቹን በልጅነቱ አጣ። ከዚያ ወዲያ የተማረው በራሱ ነው፤ እንደ ሳይንቲፊክ አሜሪካን ያሉ መጽሔቶችን እየለቀመ፣ ያነበበውን በእጁ እየሞከረ። ኮሌጅ አልገባም። በ1881 አገባ፣ ልጆች ወለደ፣ የሚበላውን ከእርሻው ያወጣ ነበር፤ ትርፍ ጊዜውና ትርፍ ገንዘቡ ግን ሽቦና ባትሪ ላይ ያልቅ ነበር።

የመጀመሪያ ፈጠራው ከኤሌክትሪክ ጋር ግንኙነት የለውም። በ1885 የፈጠራ መብት ያወጣው የላምባ መስታወቱን ሳያነሱ ክሩን ለማቀጣጠል በሚያስችል መሣሪያ ነው። ላምባ የለኮሰ ሰው የዚህን ጥቅም ለማስረዳት መድከም የለበትም፤ መስታወቱ ወይ ጣት ያቃጥላል ወይ ከእጅ ወድቆ ይሰበራል። ሁለተኛው፣ በ1888 ከአንድ የአገሩ ሰው ጋር ያወጣው፣ ስልክ ነው፤ ግን ባትሪ የሌለው ስልክ። ልጅ ሳለን በሁለት የክብሪት ቀፎና በክር የምንሠራውን ታስታውሳላችሁ? ክሩ ተወጥሮ፣ አንዱ ሲያወራ ሌላው ቀፎውን ጆሮው ላይ ለጥፎ። የስተብልፊልድ «ተርጋቢ ስልክ» የዚያ ታላቅ ወንድም ነው፤ ድምፁ የተወጠረውን ሽቦ በማርገብገብ ብቻ ከቤት ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ቤት ይሄዳል። ሙሬይ ውስጥና በአካባቢዋ እያዞረ ሸጠው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን የቤል ኤሌክትሪክ ስልክ ከተማዋ ገባ፤ የተወጠረ ሽቦ ደግሞ ከእሱ ጋር ሊወዳደር አይችልም። የሰውዬው ቀሪ ሕይወት ከዚህ ሽንፈት የጀመረ ይመስለኛል። ሽቦ የመዘርጋት አቅም ያለው ኩባንያ ሲመጣበት፣ ሽቦ የማያስፈልገው ስልክ ፍለጋ ገባ።

በ1898 ሦስተኛውን የፈጠራ መብት አገኘ፤ ባትሪ ነው። የመዳብና የብረት ሽቦ ጎን ለጎን ተደርገው በጨርቅ እየተለዩ ይጠመጠማሉ፤ ጥቅሉ ውኃ ውስጥ ወይም እርጥብ አፈር ውስጥ ሲቀበር ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ይህችን ባትሪ ዛሬ ዩቲዩብ ላይ ብትፈልጓት «ከመሬት የሚወጣ ነፃ ኃይል»፣ «የደበቁን ምስጢር» በሚሉ ርዕሶች ታገኟታላችሁ። ምስጢር የለውም። ሁለት የተለያዩ ብረቶች እርጥበት ውስጥ ሲገናኙ አንዱ ይበላል፣ በመበላቱም ኃይል ይሰጣል፤ እዚህ የሚበላው መዳቡ ሳይሆን የብረቱ ሽቦ ነው። ኃይሉ ከምድር ሆድ አልመጣም፣ ከዝገቱ ነው። ብረቱ ሲያልቅ «ነፃው ኃይል» አብሮት ያልቃል። ቢሆንም ባትሪዋ ለሰውዬው አንድ ውለታ ሳትውልለት አልቀረችም፤ ቀን ከሌት ከመሬት ጋር ያነካካችው እሷ ናት።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። «ስልክ» የሚለው ቃላችን ሥሩ ዐረብኛ ነው፤ «ሲልክ» ማለት ሽቦ ነው። ዐረቦች በሞገድ የሚደረገውን ግንኙነት «ላሲልኪ»፣ ሽቦ የለሽ ይሉታል። እኛ ሽቦውን ለመሣሪያው መጠሪያ አድርገነው ስለቀረን «ገመድ አልባ ስልክ» ስንል፣ ቃሉን ከሥሩ ብንመነዝረው፣ «ሽቦ አልባ ሽቦ» እያልን ነው። ያስቃል፤ ግን ለስተብልፊልድ ሥራ ከዚህ የተሻለ ስም አላገኘሁም። የእሱ ስልክ ሽቦ አልነበረውም፣ ነበረውም። ሽቦው መሬት ነበር።

መሬት፣ በተለይ እርጥብ መሬት፣ ኤሌክትሪክ ታስተላልፋለች። ይህ በዚያ ዘመን አዲስ ነገር አልነበረም። ከ1838 ጀምሮ የቴሌግራፍ ሰዎች ሁለት ሽቦ መዘርጋት ትተው አንድ ብቻ እየዘረጉ፣ የመመለሻውን መንገድ ለመሬት ይተዉላት ነበር። ቀደምት የስልክ መስመሮችም እንደዚያው ነበሩ፤ በዚህም የተነሳ ሰው በራሱ ስልክ የጎረቤቱን ወሬ ይሰማ ነበር፣ የሁለቱም ድምፅ እዚያው አፈር ውስጥ ይቀላቀላላ። እንዲያውም ቴሌግራፍን በስሙ ያስጠራው ሳሙኤል ሞርስ በ1842 ዋሽንግተን ውስጥ የውኃ ቦይ በሽቦ ሳይሻገር፣ ውኃውን ራሱን አስተላላፊ አድርጎ ምልክት ልኳል።

አሠራሩ ይህ ነው። ሁለት የብረት ዘንጎች ተራርቀው መሬት ላይ ይተከላሉ፤ በመካከላቸው ባትሪና የስልክ ማይክሮፎን ይገባል። ሰው ሲናገር ማይክሮፎኑ የኤሌክትሪኩን ፍሰት በድምፁ ልክ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ፍሰቱ ከአንዱ ዘንግ ወጥቶ ወደ ሌላው ሲመለስ በአጭሩ መንገድ ብቻ አይሄድም፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተደራረበ፣ እየሳሳ፣ ሰፊ አፈር ያካልላል። ራቅ ብሎ ሌላ ሰው ሁለት ዘንግ ተክሎ የስልክ ማዳመጫ ቢያገናኝባቸው፣ ከዚያ ከሳሳው ፍሰት ጥቂቱ በማዳመጫው ያልፋል። ያ ጥቂት ለጆሮ ከበቃ፣ ድምፅ ይሰማል። ማማ የለም፣ አንቴና የለም፤ ሬዲዮን ሬዲዮ የሚያደርገው፣ ድምፁን ጭኖ የሚጓዘው ተሸካሚ ሞገድም የለም። ድምፁ እንዳለ፣ እርቃኑን፣ አፈር ውስጥ ነው የሚሄደው።

በጃንዋሪ 1, 1902፣ ሙሬይ ውስጥ፣ አንድ ሺህ ያህል ሰው በተሰበሰበበት ለመጀመሪያ ጊዜ በአደባባይ አሳየው። አምስት የማዳመጫ ቦታዎች ተዘጋጁ፤ የመጨረሻው ከማስተላለፊያው ስድስት የከተማ ብሎክ ያህል የራቀ። አምስቱም እኩል ሰሙ። ወሬው ሴንት ሉዊስ ደረሰና ፖስት ዲስፓች የተባለው ጋዜጣ ዘጋቢ ላከ። ከሕይወቱ ሁሉ የምወደው ትዕይንት ይህ ነው። ዘጋቢው ማዳመጫ የተያያዘባቸውን ሁለት ዘንጎች ይዞ ከስተብልፊልድ ቤት ይወጣል። ቤት የቀረው በርናርድ የሚባለው ገና አፍላ ወጣት የሆነ ልጁ ነው። አንድ ማይል ያህል ከሄዱ በኋላ ዘንጎቹ ይተከላሉ፣ ማዳመጫው ጆሮ ላይ ይሆናል። የልጁ ድምፅ ይመጣል። እስከ አሥር ይቆጥራል። ከዚያ ያንሾካሹካል፤ ሹክሹክታውም ይሰማል። ከዚያ አርሞኒካ ይነፋል። በዙሪያው ያለው ማሳ ብቻ ነው፤ ምሰሶ የለ፣ ገመድ የለ፣ ከእግር ሥር የልጅ አርሞኒካ ይሰማል። እኔ በቦታው ብሆን ምን እጽፍ እንደነበር አላውቅም፤ ምናልባት እንደ ፌስቡኩ ጽሑፍ አጋንኜ።

ለዘጋቢው የነገረው ሕልም ከመሣሪያው ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው። ከአንድ ማዕከል ዜና ቢነገር፣ ማዳመጫ ያለው ሁሉ በየቤቱ እኩል ይሰማል ይል ነበር። የዚያ ዘመን ሰው ገመድ አልባ ሲባል የሚያስበው መርከብ ለመርከብ፣ አንድ ለአንድ ነው። ስተብልፊልድ ግን አንዱ ሲናገር ብዙው የሚሰማበትን ነገር፣ ማለትም የሬዲዮ ስርጭትን፣ የንግድ ጣቢያዎች ከመከፈታቸው ሃያ ዓመት ገደማ ቀድሞ በሐሳቡ አይቶታል። የዚህኑ ሌላ ፊትም ያውቀው ነበር፤ ማንም ዘንግ የተከለ ሁሉ ስለሚሰማ ምስጢር መጠበቅ አይቻልም። ይህን ጉድለት ገና አልፈታሁትም ብሎ ራሱ ተናግሯል።

በማርች 20 ዋሽንግተን ገባ። ፖቶማክ ወንዝ ላይ ባርቶልዲ ከምትባል የእንፋሎት ጀልባ ሽቦዎች ውኃ ውስጥ ተጣሉና ድምፅና ሙዚቃ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ዳር ላይ ተሰማ። በሜይ መጨረሻ ፊላደልፊያም ተሳካ። በጁን ኒውዮርክ ሲደርስ ግን ነገሩ ተበላሸ። ባተሪ ፓርክ ድንጋያማ ነው፣ ዘንጉ እንደ ሙሬይ ጥቁር አፈር ውስጥ አይገባለትም፤ በዚያ ላይ የትልቅ ከተማ መሬት ባዶ አይደለም። የመብራትና የሌላው ሁሉ የኤሌክትሪክ ፍሰት እየሾለከ ወደ አፈር ስለሚገባ፣ ማዳመጫው ውስጥ ጫጫታው ድምፁን ዋጠው። የገጠር ጸጥታ የመሣሪያው አካል እንደነበረ ያን ቀን ታወቀ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ሒሳቡን እናስላ፤ ክርክሩን የሚፈታው ሒሳቡ ነውና። በዚህ ዘዴ የሚላክ ድምፅ ከርቀቱ ጋር የሚዳከመው በቀስታ አይደለም። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ምልክቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል፤ ርቀቱ አሥር እጥፍ ሲሆን ወደ አንድ ሺህኛ። የሬዲዮ ሞገድ ግን ከአንቴናው አንዴ ከተላቀቀ በኋላ ራሱን ችሎ ይጓዛል፤ በነፃ ቦታ ርቀቱ አሥር እጥፍ ቢሆን ጥንካሬው ወደ አንድ አሥረኛ ነው የሚቀንሰው። በአንድ ሺህኛና በአንድ አሥረኛ መካከል ያለው ልዩነት በሙሬይና በዓለም መካከል ያለ ልዩነት ነው። ስተብልፊልድ ባትሪውን ቢያበዛ፣ ዘንጎቹን ቢያራርቅ፣ ትንሽ ይገፋዋል፤ ግን ግድግዳው ከፊቱ አይነሳም። ድምፁን በቀጥታ ወደ ሞገድ ልቀይር ቢልም አይሆንለትም፦ በሴኮንድ አንድ ሺህ ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ የሞገዱ ርዝመት 300 ኪሎ ሜትር ነው፣ ለዚህ የሚመጥን አንቴና ማን ይተክላል?

ይህ ግድግዳ የእሱ ብቻ አልነበረም። በእንግሊዝ ፖስታ ቤት ዋና መሐንዲስ የነበሩት ዊልያም ፕሪስ በ1892 ከዌልስ ዳርቻ፣ ከላቨርኖክ ወደ ፍላት ሆልም ደሴት፣ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ባሕር አሻግረው ምልክት ልከው ነበር። ለዚህ ግን ዳር ላይ ከአንድ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ሽቦ መዘርጋት ነበረባቸው፣ ደሴቲቱም ላይ እንዲሁ ረጅም ሽቦ። ባሕር ለመሻገር ይህን ያህል ሽቦ መዘርጋት ካስፈለገ ምኑን ተሻገሩት? በሜይ 1897 ወጣቱ ጣሊያናዊ የሬዲዮ ፈልሳፊ ማርኮኒ በዚያው ቦታ፣ ራሳቸው ፕሪስ እያገዙት፣ ሽቦውን ምሰሶ ላይ አቁሞ በሞገድ ላከ። በዲሴምበር 12, 1901 ደግሞ ምልክቱ አትላንቲክን ተሻግሮ ደረሰኝ ብሎ አስታወቀ። ሙሬይ ውስጥ አምስቱ ማዳመጫዎች የተዘረጉት ከዚህ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

«ማርኮኒ የላከው ነጥብና መስመር ነው፣ ድምፅ አይደለም» የሚል ክርክር ይነሳል፤ ትክክል ነው። ግን ለድምፅም ቢሆን ስተብልፊልድ ፊተኛ አይደለም። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ራሱ በ1880 ዋሽንግተን ውስጥ የሰው ድምፅ በብርሃን ጨረር ላይ ጭኖ ከ200 ሜትር በላይ አስተላልፏል። ሬጂናልድ ፌሰንደን የተባለው ካናዳዊ በዲሴምበር 23, 1900፣ ሜሪላንድ ውስጥ በምትገኘው ኮብ ደሴት፣ በሞገድ ላይ የተጫነ ንግግር አንድ ማይል ያህል ልኳል፤ ድምፁ በጩኸት የታፈነ ነበር፣ መንገዱ ግን ዛሬ የምንሄድበት ነው። ብራዚላውያንን ከጠየቃችሁ ደግሞ ሮቤርቶ ላንዴል ዴ ሞውራ የተባሉትን ካህን ይጠሩላችኋል፤ በ1900 ሳኦ ፓውሎ ላይ ሠርተው አሳይተዋል፣ በ1904ም አሜሪካ ውስጥ ሦስት የፈጠራ መብት አውጥተዋል። «የመጀመሪያው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የሚኖረው «የምኑ የመጀመሪያ?» ከተባለ በኋላ ብቻ ነው።

ታዲያ ቀሙት የሚባለውስ? መዘረፍ ነበረ፣ ግን ተረቱ በሚለው መልክ አይደለም። በሜይ 1902፣ ገና የፊላደልፊያው ሙከራ ሳይደረግ፣ ዋየርለስ ቴሌፎን ካምፓኒ ኦፍ አሜሪካ የሚባል ድርጅት በአሪዞና ተመዘገበ። ስተብልፊልድ መብቱን ሰጥቶ አክሲዮን ተቀበለ። ድርጅቱ ከስልክ ይልቅ ወረቀት መሸጥ ነበር የያዘው፤ ሕዝብ ፊት የሚደረገው ሙከራ አክሲዮን ገዢ መሳቢያ ሆነ። ገመድ አልባ የሚለው ቃል ያኔ እንደዛሬው የዲጂታል ሳንቲም ነበር፤ ማርኮኒ ባሕር ተሻገረ ከተባለ ወዲህ ቃሉ የተጻፈበት አክሲዮን ሁሉ ይሸጣል። ስተብልፊልድ ነገሩን ለመረዳት ሳምንታት አልፈጁበትም። በዚያው ጁን ወር ሰዎቹ ሕዝብ እያታለሉ መሆናቸውን በደብዳቤ ከስሶ ትቷቸው ወደ እርሻው ተመለሰ። ድርጅቱ አርቺ ፍሬድሪክ ኮሊንስ የተባለ ሌላ የገመድ አልባ ስልክ ሠሪ ይዞ ቀጠለ። ኮሊንስም በኋላ በሌላ ድርጅት ስም ከተሸጡ አክሲዮኖች ጋር በተያያዘ፣ በ1913 በፖስታ ማጭበርበር ጥፋተኛ ተብሎ ታስሯል።

እንግዲህ የተሰረቀው ፈጠራው ሳይሆን ስሙ ነው። የሚያሳዝነው ስርቆቱ ውስጥ እውቀት አለመኖሩ ነው፤ ከሻጮቹ አንዱም መሣሪያውን ወስዶ አንድ እርምጃ አላራመደውም። ሊራመድ የሚችልበት መንገድም አልነበረም።

እሱ ግን አልተወውም። መሬቱን ትቶ ሌላ ዘዴ ያዘ። በከተማው ሰዎች ገንዘብ እየታገዘ በሜይ 12, 1908 ቁጥሩ 887,357 የሆነውን የፈጠራ መብት አገኘ። ፌስቡክ ላይ «የመጀመሪያው ሞባይል» የሚባለው ይኸኛው ነው። ሥዕሎቹን ሳያቸው የአጎቴን ልጅ አልፈርድበትም፤ ባቡር አለ፣ ጀልባ አለ፣ መንገድ ላይ የሚሄድ ጋሪ አለ፣ ሁሉም ስልክ አላቸው። ዘዴው ግን ይህ ነው፦ ትልቅ ጥቅል ሽቦ በንግግር የሚርገበገብ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት በዙሪያው የመግነጢስ መስክ ይፈጥራል፤ ተሽከርካሪው ላይ ያለው ሌላ ጥቅል እዚያ መስክ ውስጥ ሲገባ ድምፁን መልሶ ያወጣዋል። የመግነጢሱም መስክ ከርቀት ጋር የሚሟሽሸው በዚያው በአንድ ስምንተኛ፣ በአንድ ሺህኛ ሥርዓት ነው። ስለዚህ ጋሪው መንገድ ሙሉ እንዲያወራ ሽቦው መንገድ ሙሉ መዘርጋት አለበት። ሽቦ ከመዘርጋት ለመሸሽ የተጀመረ ጉዞ ዞሮ ዞሮ ሽቦ መዘርጋት ላይ አረፈ። አንድ ገዢ አልመጣም።

በእነዚያው ዓመታት ቤቱ ውስጥ ትንሽ የሙያ ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። ቤተሰቡ ተበተነ። እሱ ከሙሬይ ወጣ ብላ በምትገኝ አልሞ በምትባል መንደር አጠገብ በገዛ እጁ በሠራት ጎጆ ብቻውን መኖር ጀመረ። ሰው አያስጠጋም ነበር ይባላል፤ ግቢው ዙሪያ የዘረጋው ሽቦ እንግዳ ሲመጣ ደወል ያሰማዋል ብለው ጎረቤቶቹ ይተርካሉ። በማርች 1928 መጨረሻ ሞቶ ተገኘ፤ በርሃብ ነው የሞተው ተባለ። በዚያን ጊዜ ሬዲዮ በሚሊዮኖች ቤት ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ከአንድ ማዕከል ዜና ይነገራል፣ ሁሉም እኩል ይሰማል።

ጀግና የሆነው ከሞተ በኋላ ነው። የቀድሞ መሬቱ በ1922 የተመሠረተው የዛሬው የሙሬይ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ግቢ አካል ሆኗል። በ1930 እዚያ የመታሰቢያ ድንጋይ ቆመለት፤ ድንጋዩ «የሬዲዮ ፈጣሪ» ይለዋል። በ1948 የከተማዋ ሬዲዮ ጣቢያ መጠሪያውን ከስሙ የመጀመሪያ ፊደላት ወሰደ። በ1991 የኬንታኪ ገዥ እውነተኛው የሬዲዮ ፈጣሪ እሱ ነው ሲሉ በአዋጅ አስነገሩ። ገዥ ፊዚክስን በአዋጅ መለወጥ ይችል እንደሆነ አላውቅም፤ የትውልድ ከተማ ኩራት ግን ሁሉም አገር ያለ ነው፣ እኛም የምናውቀው ስሜት ነው። ድምፁን ከ1902 አሥር ዓመት ቀድሞ በ1892 አስተላልፏል የሚለው ታሪክ ትልቁ ምስክሩ ሬይኒ ዌልስ የተባሉ የከተማዋ ሰው ናቸው። ስተብልፊልድ መሣሪያ አስይዞኝ ራቅ ብዬ ስሄድ በስሜ ሲጠራኝ ሰማሁ ብለዋል። ይህን የተናገሩት አሥርት ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው፤ እሳቸውም ያንን ዩኒቨርሲቲ ካቋቋሙትና ከመሩት አንዱ ነበሩ። ውሸት ነው አልልም። እውነት ቢሆንም ግን የተሰማው ድምፅ የመጣው በመሬት እንጂ በሞገድ አይደለም።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጀምረውም ነበር። ስተብልፊልድ የያዛቸው ሁለቱም ዘዴዎች አልሞቱም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ የስልክ ሽቦ በመድፍ ሲበጣጠስ፣ ፈረንሳዮችም እንግሊዞችም ሁለት ዘንግ ምሽግ ውስጥ ተክለው በአፈር ውስጥ ቴሌግራፍ ይልኩ ነበር። ጀርመኖችም በበኩላቸው ዘንግ እየተከሉ ከእንግሊዞች የስልክ መስመር ወደ መሬት የሚሾልከውን ወሬ ጠለፉ፤ ያ «ምስጢር አይጠበቅም» የተባለው ጉድለት እዚህ የሰው ነፍስ አስከፈለ። ከኬንታኪ ብዙ በማይርቀው ዌስት ቨርጂኒያ፣ በ2006 የሳጎ ከሰል ማዕድን ሲፈነዳ 12 ሠራተኞች ሞቱ፤ የታፈኑት ሰዎች ያሉበትን ለላይኞቹ የሚነግሩበት መንገድ አልነበራቸውም። ከዚያ ወዲያ በወጣው ሕግ ምክንያት አምራቾች የሬዲዮ ሞገድ የማይገባበትን ዓለት ሊያልፍ የሚችል መገናኛ ፍለጋ ወደ ትላልቅ ጥቅል ሽቦና ወደ መሬት ዘንግ ተመለሱ። በ2018 ታይላንድ ውስጥ 12 ልጆችና አሠልጣኛቸው ዋሻ ውስጥ ሲቀሩም ከእንግሊዝ ከተላኩት መሣሪያዎች መካከል በዚህ ዓይነት ዘዴ ዓለት አልፈው የሚሰሙ የዋሻ ስልኮች ነበሩ።

ከሁሉም ይበልጥ የሚቀርበን ግን የ1908ቱ ነው። በብዙ አገር ቤተ ክርስቲያንና ቲያትር ቤት ወለል ውስጥ፣ አዳራሹን የሚዞር ሽቦ ተቀብሯል፤ የተናጋሪው ድምፅ እንዳለ በኤሌክትሪክ ይሄድበታል፣ የመስማት ችግር ያለበት ሰው ጆሮው ላይ ያለችው መሣሪያ ውስጥ የምትገኝ ትንሽ ጥቅል ትቀበለዋለች። ይህ ከስተብልፊልድ መንገድ ዳር ሽቦና ከጋሪው ጥቅል የሚለየው በመጠን ብቻ ነው። ለመስማት መርጃ ብሎ በ1937 እንግሊዝ ውስጥ ፓተንት ያወጣበት ጆሴፍ ፖሊያኮፍ ነው። እዚህ የመስኩ ቶሎ መሞት ችግር መሆኑ ቀርቷል፤ ከአዳራሹ ብዙ ርቆ አይሾልክ፣ የጎረቤቱን አዳራሽ አይረብሽ። ጠጋ አድርገን የምንከፍልበት የባንክ ካርድም እንደዚያው፤ ከጥቂት ሴንቲ ሜትር አልፎ አለመሄዱ ነው ያስመረጠው። ሰውዬውን ያሸነፈው ሒሳብ ዛሬ የኪሳችን ዘበኛ ነው።

ለአጎቴ ልጅ ይህን ሁሉ አልጻፍኩለትም። ያለ ገመድ ቻርጅ የሚያደርግ ስልክ እንዳለው ስለማውቅ «ስልክህን ቻርጀሩ ላይ አስቀምጠው፣ ከዚያ ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርገህ ያዘው» አልኩት።

ትንሽ ቆይቶ መለሰ፦ «ቆመ።»